ጥንታዊው አህጉር ሥር አለው፤ የጣና ምድርስ?

ከባሕር ዳር አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት የላከችው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «በጥንታዊ አህጉሮች ሥር እስከ 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወርድ ቀዝቃዛ የድንጋይ ሥር አለ ብዬ አስተማርኩ። አንድ ተማሪ ተነስቶ ‘ማን ወርዶ አየው?’ አለኝ። በመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው የሚታወቀው አልኩት። ከዚያ በላይ ማብራራት ግን አቃተኝ። ደግሞስ እኛ የምንኖርበት የጣና ዙሪያ እንዲህ ዓይነት ሥር አለው?»

እህቴ፣ ተማሪሽ መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቀው። ማንም ወርዶ አላየውም። ሰው እስካሁን የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ ሩሲያ ውስጥ ኮላ ላይ ያለው ነው። የወረደው 12 ኪሎ ሜትር ከ262 ሜትር ነው። ይሄ የአህጉሩን ቅርፊት ግማሽ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ ስለ 200 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የምናወራው ሁሉ በተዘዋዋሪ የተገኘ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሞገዱ የሚያመጣልን ሰዓት ነው። መቼ ተነሳ፣ መቼ ደረሰ። ከሰዓቱ ፍጥነት እናወጣለን፤ ከፍጥነቱ ደግሞ የድንጋዩን ሙቀትና ዓይነት እንገምታለን። ከጥንታዊ አህጉር በታች ሞገዱ ይፈጥናል። ከጣና በታች ይዘገያል። ስለዚህ የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ «እንደዚያ ያለ ሥር የለውም» ነው። ግምቱን እንዴት እንደምናምነው ግን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ተማሪሽ ቀጥሎ የሚጠይቀው እሱን ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሱማትራ ላይ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ እንበል። ባሕር ዳር ከዚያ 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የመጀመሪያው ሞገድ፣ ፒ የምንለው፣ የምድርን ውስጥ አቋርጦ በ10 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ድንጋዩን እየገፋና እየሳበ ነው የሚሄደው። 18 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ኤስ ይመጣል። እሱ ድንጋዩን ወደ ጎን ስለሚያወዛውዝ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ደግሞ የምድርን ገጽ ይዘው የሚጓዙት ረጃጅም ሞገዶች ይደርሳሉ። ሰው ምንም አይሰማውም፤ መሣሪያው ግን ሁሉንም ይመዘግባል።

በዚህ መንገድ የምድርን ንብርብር መለየት ከጀመሩት አንዱ ክሮኤሺያዊው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ዛግሬብ አቅራቢያ የደረሰን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመረምር፣ ከአንድ መንቀጥቀጥ ሁለት የፒ ሞገዶች እንደሚደርሱ አስተዋለ። አንዱ በላይኛው ድንጋይ በኩል የመጣ ነው። ሌላው ወደ ታች ወርዶ ፈጣን ድንጋይ ውስጥ ከገባ በኋላ የተመለሰ ነው፤ ራቅ ያሉ ጣቢያዎች ላይ ቀድሞ የሚደርሰውም እሱ ነው። ያ ወሰን ዛሬ ሞሆ ይባላል። ቅርፊቱ አልቆ ማንትል፣ ማለትም ከቅርፊቱ በታች ያለው ወፍራም የድንጋይ ንብርብር፣ የሚጀምርበት ነው። ከሞሆ በታች ፒ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለኛ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ኤስ ነው፤ ሙቀት በሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከጥንታዊ አህጉር በታች፣ 100 እና 150 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ኤስ በሰከንድ 4.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በጣም ሞቃት በሆነ ማንትል ውስጥ ወደ 4.2 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሥሪላቸው። ከ40 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ያለውን 160 ኪሎ ሜትር ውሰጂ። በ4.7 ፍጥነት ለማቋረጥ 34 ሰከንድ ይፈጃል። በ4.2 ከሆነ 38 ሰከንድ። ልዩነቱ 4 ሰከንድ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለኛ ግን ብዙ ነው። የጣቢያዎቹ ሰዓት በሳተላይት ስለሚስተካከል፣ ጥሩ መዝገብ ላይ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለውን የመድረሻ ልዩነት ከሰከንድ ባነሰ ስህተት ማንበብ ይቻላል።

«መዘግየቱ ከኛ በታች መሆኑን በምን አወቃችሁ? ሱማትራ ላይ ወይም መሀል መንገድ ላይ ቢሆንስ?» የሚል ተማሪ ካለሽ ደስ ይበልሽ፤ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ከአዲስ አበባ አብረው የተነሱ ሁለት ሚኒባሶች ባሕር ዳር ድረስ በአንድ መንገድ መጥተው፣ እዚህ ሲደርሱ አንዱ ወደ ዘጌ ሌላው ወደ ሐሙሲት ቢለያዩና እኩል ርቀት ሄደው አንዱ ቢዘገይ፣ የተበላሸው መንገድ ከባሕር ዳር በኋላ ያለው መሆኑን ታውቂያለሽ። ሞገዱም እንደዚያ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ተራርቀው የተተከሉ ሁለት ጣቢያዎች ከሱማትራ የሚመጣውን ሞገድ ሲቀበሉ፣ የመንገዱ አብዛኛው ክፍል ለሁለቱም አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት መጨረሻ ላይ፣ ከየራሳቸው በታች ነው። ስለዚህ የምናነበው በጣቢያዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጣቢያው ሲበዛ፣ መንቀጥቀጡም ከተለያየ አቅጣጫ ሲመጣ መንገዶቹ ከታች ይጠላለፋሉ፤ ያን ጊዜ ዘገምተኛው ድንጋይ በየትኛው ጥልቀት እንዳለ መለየት ይቻላል። ቶሞግራፊ የሚባለው ይሄ ነው።

ነገር ግን ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ሞገድ ጥልቀትን በመለየት ደካማ ነው። ዘገምተኛው ነገር 80 ኪሎ ሜትር ላይ ይሁን 180 ላይ፣ መዘግየቱ አንድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የገጽ ሞገዶች ይደርሱልናል። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ወደ ታች ጠልቆ ይሰማል። 20 ሰከንድ የሚፈጅ ውዝዋዜ በአብዛኛው የሚነግረን ስለ ቅርፊቱ ነው። 100 ሰከንድ የሚፈጀው ደግሞ ስለ 100 እና 150 ኪሎ ሜትር ያወራል። የየአንዳንዱን ፍጥነት ለየብቻ ከለካን፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የፍጥነት ዝርዝር እናገኛለን። እኔ ለጥንታዊ አህጉር ጥናት አንድ ዘዴ ብቻ ምረጥ ብባል የገጽ ሞገድን እመርጣለሁ።

ጥንታዊ አህጉር ስንል ክራተን የሚባሉትን ነው፤ ብዙዎቹ ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው የአህጉር እምብርቶች ናቸው። አፍሪካ ውስጥ ካፕቫል፣ ኮንጎ፣ ታንዛኒያና የምዕራብ አፍሪካው አሉ። ከነዚህ በታች ፈጣኑ ማንትል እስከ 200፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 250 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በሌላው ዓለም ግን በዚያ ጥልቀት ሞገዱ መዘግየት ጀምሯል። ፍጥነት ማለት በአብዛኛው ቅዝቃዜ ነው። ድንጋይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሞገዱም ይዘገያል። በግርድፉ 100 ዲግሪ ሙቀት ሲጨምር ኤስ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ድንጋዩ ወደ መቅለጥ ሲጠጋ ደግሞ ከዚያ በፍጥነት ይወርዳል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ትልቅ እንቆቅልሽ አለ፤ ይሄን ጉዳይ በጣም የምወደውም በሱ ምክንያት ነው። ቀዝቃዛ ድንጋይ ይከብዳል። የከበደ ነገር ደግሞ ከታች ባለው ሞቃትና ለስላሳ ማንትል ውስጥ መስጠም ነበረበት። ታዲያ ይሄ ሥር እንዴት ለ3 ቢሊዮን ዓመት ተንጠልጥሎ ቆየ? የስበት መለኪያም እዚያ ቦታ የሚጠበቀውን ያህል ተጨማሪ ክብደት አያሳይም። አሜሪካዊው ቶማስ ጆርዳን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ባወጣቸው ሥራዎች የሰጠው መልስ፣ የድንጋዩ ዓይነት ራሱ የተለየ ነው የሚል ነው። ያኔ ምድር ከዛሬው በጣም ሞቃት ነበረች። ማንትሉ ብዙ ቀለጠ። ቅልጡ ወጥቶ ሄደ፤ ሲሄድም ብረትና አሉሚኒየም ይዞ ሄደ። የቀረው ድንጋይ ብረት ያነሰውና ማግኒዥየም የበዛበት በመሆኑ ቀላል ነው። ቅዝቃዜው ያከብደዋል፣ የብረት ማነሱ ያቀለዋል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ከዚያም በላይ ውኃው ከቅልጡ ጋር ስለወጣ ድንጋዩ ደረቅ ነው። ደረቅ ድንጋይ ደግሞ በቀላሉ አይለጠጥም።

ይሄ በወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተማሪሽ ባያምን አልፈርድበትም። ማረጋገጫው የመጣው ከእሳተ ገሞራ ነው። ኪምበርላይት የሚባል ቅልጥ አለ። ከ150 ኪሎ ሜትር በታች ተነስቶ በጣም በፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ከመንገዱ ላይ የማንትል ቁራጭ ድንጋዮችን ነቅሎ ይዞ ይመጣል። ደቡብ አፍሪካ ኪምበርሊ ላይ በአልማዝ ቁፋሮ የሚገኙት እነዚህ ድንጋዮች ናቸው። ቤተ ሙከራ ገብተው ሲታዩ ኦሊቪን የሚባለው ማዕድናቸው ልክ እንደተባለው ሆኖ ተገኘ። ከብረትና ከማግኒዥየም ድርሻው 92 እና 93 በመቶ የሚሆነው ማግኒዥየም ነው። በተራው ማንትል 89 ገደማ ነው። ዕድሜያቸውም ሲለካ ብዙዎቹ ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት አለፉ። አልማዙ ራሱ ምስክር ነው። በዚያ ጥልቀት ማንትሉ ሞቃት ቢሆን ኖሮ ካርቦኑ አልማዝ ሆኖ አይቆይም፣ ግራፋይት ይሆን ነበር። የምድር ሙቀት ፍሰትም ሲለካ በክራተኖች ላይ በካሬ ሜትር 40 ሚሊዋት ገደማ ነው፤ የአህጉሮች አማካይ 65 ገደማ ነው። ሞገዱ፣ ስበቱ፣ ድንጋዩ፣ የሙቀት ፍሰቱ፣ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ተገናኙ። ለተማሪሽ «ማን ወርዶ አየው?» የምትመልሽው ይሄን ነው። ማንም አልወረደም፤ ከታች ግን ድንጋዩ ራሱ ወጥቶ መጥቷል።

ሁሉ ነገር አልቋል ማለት አይደለም። የሥሩ መጨረሻ የት እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። ኤስ ሞገድ ድንገተኛ ወሰን ሲያጋጥመው ከፊሉ ወደ ፒ ይቀየራል፤ ያን የተቀየረ ሞገድ ፈልገን የወሰኑን ጥልቀት እናወጣለን። በክራተኖች ላይ ሲሞከር ግን 200 ኪሎ ሜትር ላይ ይጠበቅ የነበረው ወሰን ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ሆነ። በአንጻሩ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ባለው ላይ ያልተጠበቀ ወሰን ብቅ አለ። ሥሩ ያለቀው እዚያ ነው ያሉ ነበሩ። የገጽ ሞገዶች ግን ከዚያም በታች ፈጣን ድንጋይ እንዳለ ያሳያሉ። ስለዚህ እኔ የሚመስለኝ ያ ወሰን በሥሩ ውስጥ ያለ ነው፣ መጨረሻው አይደለም። ምናልባት የቆየ ቅልጥ እዚያ ደርሶ ውኃ የያዙ ማዕድናት ጥሎ ሄዶ ይሆናል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ፣ የኦሊቪን ክሪስታሎች የተሰለፉበት አቅጣጫ የሚቀየርበት ነው ይላሉ። የታችኛው ወሰን የደበዘዘው ሙቀቱ ቀስ በቀስ ስለሚጨምር ነው፤ እንዲህ ያለውን ለውጥ የተቀየረ ሞገድ አያየውም።

ሥሩ ዘላለማዊም አይደለም። የሰሜን ቻይና ክራተን ምሥራቃዊ ክፍል አብዛኛውን ሥሩን አጥቷል። የታንዛኒያው ግን በምሥራቅና በምዕራብ ስምጥ ሸለቆ ሲከበብ መሀል ላይ ሳይሰነጠቅ ቆሟል።

ወደ ጣና እንምጣ። ባሕር ዳር ላይ ለግንብ የምትጠቀሙበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ጢስ ዓባይ የሚወርድበት ላቫ በጂኦሎጂ ሚዛን የቅርብ ጊዜ ነው። ከሱ በታች ያለው ትልቁ የደጋው ባዛልት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዓባይ በረሃን ስትወርጂ ደጀን ላይ ከባዛልቱ በታች የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ታያለሽ። ከነዚህም በታች ያለው መሠረት፣ በምዕራብ ኢትዮጵያና በትግራይ ወጥቶ የሚታየው ዓይነት፣ በአብዛኛው ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። አሮጌ ነው፤ ግን ክራተን አይደለም። ሲፈጠር ያ ትልቅ ቅልጥ ከማንትሉ የወጣበት ዘመን አልፎ ነበር፤ እንደ ካፕቫል ዓይነት ሥር አልተሠራለትም። በዚያ ላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከታች የመጣው ሙቀት የነበረውንም አሙቆታል።

ሞገዱ ይሄን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 በኢትዮጵያ ደጋና በስምጥ ሸለቆው ላይ ጊዜያዊ ጣቢያዎች ተተክለው ነበር። ከነሱ የተገኘው ውጤት ከደጋው በታች ጠንካራው ክዳን፣ ማለትም ቅርፊቱና ከሱ ጋር የተያያዘው የማንትል አናት፣ 70 እና 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ 40 ኪሎ ሜትር ገደማው ቅርፊት እንደሆነ ያመለክታል። በክዳኑ ውስጥ እንኳ ኤስ ከ4.3 ብዙም አያልፍም፤ ከሱ በታች ደግሞ ይወርዳል። በስምጥ ሸለቆው ላይ ይብሳል። የኢትዮጵያ ማንትል በዓለም ላይ ሞገድ በጣም ከሚዘገይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በአንዳንድ ቦታ መዘግየቱ በሙቀት ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ ድንጋዩ በመጠኑ ቀልጧል ማለት ነው። 

ሰው ዋንዛዬ ፍልውሃን እያሳየ «ያው ሙቀቱ ከታች ነው» ሲል እሰማለሁ። እንደ ማስረጃ አትጠቀሚበት። የፍልውሃ ውኃ የሚሞቀው በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ዞሮ ነው፤ ስለ 150 ኪሎ ሜትር የሚነግረን ነገር የለም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ የነበረው መንቀጥቀጥም ለዚህ ጥያቄ ብዙ አይረዳም። ከባሕር ዳር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ሞገዱ ወደ ጥልቁ ሳይወርድ በቅርፊቱና በማንትሉ አናት በኩል ነው የሚደርሰው። ለኛ የሚጠቅመው የሩቁ ነው።

ጣና ዙሪያ መሣሪያ ለመትከል ቦታ መምረጥ ራሱ ፈተና ነው። ዋልካው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሰው የማያየውን ያህል ሲያዘነብል ረጅሙ የጎን ውዝዋዜ ይበላሻል። ስለዚህ ወደ ባዛልቱ ቆፍሮ መድረስ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ የሐይቁ ማዕበል መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ የአንድ ሰከንድ አካባቢ ውዝዋዜ ነው፣ የአጭር ሞገድ ጥናትን ይረብሻል። ለ100 ሰከንዱ ግን ምንም አይደለም።

ደግሞ ይሄን አትርሺ። የ100 ሰከንድ የገጽ ሞገድ ርዝመቱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 150 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ የባሕር ዳርን ከጎንደር ወይም ከደብረ ታቦር ለይቶ የሚያሳይ ካርታ አየሁ የሚል ካለ ተጠራጠሪ። ባለ ቀይና ሰማያዊ ካርታ ስታሳዪያቸውም ቀለሙ ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ቀይ ማለት ካርታ ሠሪው ከመረጠው አማካይ የዘገየ ማለት ነው። አማካዩ የኢትዮጵያ ብቻ ከሆነ፣ ሰማያዊ የተቀባው ደጋ ከዓለም አማካይ ጋር ሲነጻጸር ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል። እኔ በጣም የምናደደው እንዲህ ያለውን ካርታ ያለ ማብራሪያ ሲያሰራጩት ነው።

ለክፍል የሚሆን ሥራ ከፈለግሽ፣ አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ላይ ያለው ጣቢያ መዝገብ በነጻ ከኢንተርኔት ይወርዳል። የሱማትራ ወይም የሂንዱ ኩሽ መንቀጥቀጦችን ምረጪ፤ መጠናቸው ከ6 በላይ ይሁን። ተማሪዎቹ የኤስን መድረሻ ያንብቡ፣ ከመደበኛው የጉዞ ሰዓት ሠንጠረዥ ጋር ያነጻጽሩ። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ክራተን ላይ ላለ ጣቢያም ተመሳሳዩን ይሥሩ። በአንድ መንቀጥቀጥ አትፍረዱ፤ የመነሻው ሰዓትና ጥልቀት ራሱ ስህተት ስላለው ብዙ ሰብስባችሁ አማካዩን ውሰዱ። ርቀቱ ከ3,300 ኪሎ ሜትር አይነስ፤ ከዚያ ባነሰ ርቀት 410 እና 660 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ያሉት የማንትል ወሰኖች ሞገዱን ስለሚደራርቡት የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ለኤስ ከ8,500 ኪሎ ሜትር ብዙም አትለፉ፤ ከዚያ በኋላ በምድር እምብርት በኩል ያለፈው ሌላ ሞገድ እየቀደመ ይቀላቀልባችኋል።